ያገለገለ ግራይንደር ሲንቀጠቀጥ፦ ድንጋዩ ይላጭ፣ ፍላንጁ ይስተካከል ወይስ ኩሽኔታው ይቀየር?

ምናለሽ ተራ ውስጥ አንድ ያገለገለ ግራይንደር ገዛሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ግራና ቀኝ ድንጋይ ያለው፣ ባለ 200 ሚሊሜትር። ቀለሙ ተላልጧል፤ አካሉ ግን ድፍን ብረት ነው። ሻጩ ሶኬት ላይ ሰክቶ አስነሳልኝ። "ድምፁን ስማው፣ ሞተሩ ገና ልጅ ነው" አለኝ። ድምፁን ሰማሁ። ሰውዬው ማሽኑን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ለምን እንደያዘው ግን አልጠየቅኩም።

ቤት ወስጄ ሳስነሳው ገባኝ። ግራይንደሩ ይራመዳል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የሻይ ብርጭቆ ከማንኪያው ጋር እየተንጫጫ ወደ ጠርዝ ሲጓዝ ደርሼ ያዝኩት። ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ልስል ብሞክር ድንጋዩ ላይ እየዘለለ ጫፉ ተሸራረፈ።

ያን ጊዜ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። "ኩሽኔታው ሄዷል" ብዬ ፈረድኩ፤ ዘንጉ የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት ማለቴ ነው። ሁለት አዲስ ኩሽኔታ ገዛሁ፣ ማሽኑን በታተንኩ፣ ግማሽ ቀን ለፋሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሳስነሳው መራመዱን ቀጠለ።

ሰፈር ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ያረጁ አንድ ባለሙያ አሉ። ሄጄ ሳማክራቸው ሳቁብኝ። "ልጄ፣ መጀመሪያ ጫማውን አውልቀህ በባዶ እግሩ አስሩጠው" አሉኝ። ጫማ ያሉት ድንጋዮቹን ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም። የድንጋዮቹን መከለያ ፍቱና ወደ ዳዶዎቹ ሂዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የቀኙ ዳዶ እንደማንኛውም ዳዶ ነው። የግራው ግን ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። የማያውቅ ሰው እፈታለሁ ብሎ ያጠብቀዋል፤ ከዚያ እልህ ይይዘውና መዶሻ ያነሳል። እንዲህ ብላችሁ ያዙት፦ ሁለቱም ዳዶዎች የሚፈቱት ድንጋዩ በሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞሩ ነው።

ድንጋዮቹን፣ ፍላንጆቹን (ድንጋዩን የሚጨብጡትን ክብ ብረቶች) እና ዳዶዎቹን በሙሉ አውጡ። ዳዶ ላልቶ እዚያ ከቀረ ሲበር ጥይት ነው። አሁን ባዶውን ዘንግ አስነሱት። እኔ የአንድ ብር ሳንቲም ከማሽኑ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ በጠርዙ አቆማለሁ። ሳንቲሙ ከቆመ፣ ሞተሩና ኩሽኔታው በአብዛኛው ደህና ናቸው። የኔ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለኩሽኔታ ያወጣሁትን ገንዘብ እያሰብኩ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅላችሁ አንዱን ድንጋይ ብቻ እሰሩ፣ መከለያውን መልሱና ሞክሩ። እንደገና ነቅላችሁ አውጡትና ሌላውን ብቻ እንደዚያው አስራችሁ ሞክሩ። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ መፈለግ ሁለት ልጆች ተጣልተው ሁለቱም "እሱ ነው" ሲሉ መሀል እንደመግባት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አድምጡ። ማሽኑ ሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ አጥፉት። ንዝረቱ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ሞተር ጠቅላይ ይሂድ። ማሽኑ እስኪቆም አብሮት ከቀጠለ ግን የሚዞረው አካል ሚዛኑን ስቷል ማለት ነው። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሳለ መሀል ላይ አንዴ ክፉኛ ተንዘፍዝፎ ጸጥ ቢል አትደንግጡ። ማሽኑና ጠረጴዛው የራሳቸው የመወዛወዝ ፍጥነት አላቸው፤ እዚያ ላይ ሲያልፍ ነው እንዲያ የሚሆነው።

በነገራችን ላይ፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ግራይንደር ያላችሁ ሰዎች ለብቻ አስቡት። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ ጋ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ስለዚህ ሞተሩ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል። እሱን በፍላንጅ አታድኑትም።

ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ

ሶኬቱን እንደነቀላችሁ ድንጋዩን መልሳችሁ እሰሩ። አንድ ምስማር ወይም ሽቦ ድንጋዩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው እንዲቆም ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። ከዚያ ድንጋዩን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። መጀመሪያ ምስማሩን ከጎኑ አድርጉት፤ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ፣ ብረት የሚሳልበት ገጽ ላይ።

ክፍተቱ በጎን በኩል እየጠበበ እየሰፋ ከሄደ ድንጋዩ ጎን ለጎን ይዋዥቃል። ፊት ለፊት ከጠበበና ከሰፋ ደግሞ ድንጋዩ ክብነቱን አጥቷል ወይም መሀሉን ስቶ ታስሯል፤ ስለዚህ ይዘላል። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። የሚዋዥቀውን ድንጋይ ሲላጩ የሚውሉ ሰዎች አይቻለሁ። ድንጋዩ አለቀ፤ መዋዠቁ ግን እንዳለ ነው።

ጥቂት ግራም ይሄን ሁሉ ያደርጋል ወይ ትሉ ይሆናል። 50 ኸርዝ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር በደቂቃ ወደ 2850 ጊዜ ይዞራል። ከመሀል 9 ሳንቲሜትር ርቃ ያለች 10 ግራም ትርፍ ክብደት በዚያ ፍጥነት ወደ 8 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ትጎትታለች። እሱንም በየሰከንዱ ከ47 ጊዜ በላይ አቅጣጫ እየቀየረች።

መላጨት፦ ርካሹ፣ ግን ለሚዘለው ብቻ

ድንጋይን ክብ የሚያደርገው መሣሪያ ድሬሰር ይባላል። አንደኛው ባለኮከብ ብረት ጎማዎች ያሉት ነው፤ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ለሻካራ ድንጋይ ይሆናል። ሌላው ጫፉ ላይ የአልማዝ ቅንጣቶች ያሉት ቲ ቅርጽ ያለው ዘንግ ነው። የሁለቱ ልዩነት የሚሰማችሁ እጃችሁ ላይ ነው። ባለኮከቡ እየመታ ይሄዳል፤ ድንጋዩ በጣም የሚዘል ከሆነ አብሮት ይዘላል። አልማዙ ከድንጋዩ ፊት ያለው ማስደገፊያ ላይ ተደግፎ በስሱ ይቆርጣል። እኔ አልማዙን እመርጣለሁ። በአንዴ ብዙ አትቁረጡ፤ በጣም ስስ እያደረጋችሁ ከዳር ዳር መልሱት። አቧራው ሳንባ ላይ ክፉ ነው፤ መነጽር ብቻ ሳይሆን የአፍንጫ መሸፈኛም አድርጉ።

ድንጋዩ ፊቱ አብረቅርቆ ከተደፈነ፣ ወይም የሆነ ሰው አሉሚኒየም ስሎበት ብረቱ ውስጡ ከተጣበቀ፣ መላጨት ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል። አሉሚኒየም እዚያ ድንጋይ ላይ አትሳሉ፤ ድንጋዩ ይደፈናል፣ ይሞቃል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

አንድ ነገር ግን አለ። መላጨት የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ፍላንጁ ሳይስተካከል ብትላጩት፣ ነገ ድንጋዩን ፈትታችሁ ስትመልሱት መዝለሉ ይመለሳል።

ፍላንጅና ቦኮላ፦ የኔ ጥፋተኞች

ፍላንጅ ማለት ድንጋዩን ከግራና ከቀኝ ጨብጠው የሚይዙት ሁለት ክብ ብረቶች ናቸው። ብዙ ርካሽ ግራይንደር ላይ በፕሬስ ከተመታ ላሜራ ነው የሚሠሩት። የኔንም አውጥቼ መስተዋት ላይ አስቀመጥኳቸው። አንዱን በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ክፉ ዱካ ተንገጫገጨ።

ችግሩ የሚበዛው ዳር ላይ ነው። 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፍላንጅ ጠርዙ ላይ 0.2 ሚሊሜትር ከተጣመመ፣ 200 ሚሊሜትሩ ድንጋይ ዳር ላይ ሲደርስ ወደ 0.6 ይጠጋል። ያንን ዓይን ያየዋል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ቦኮላው፣ ማለትም በዘንጉና በድንጋዩ ቀዳዳ መሀል የሚገባው ቀለበት ነበር። የድንጋዬ ቀዳዳ 32 ሚሊሜትር ነው፤ ዘንጉ 16። መሀል ያለውን ክፍተት የሞሉት ተደራራቢ የፕላስቲክ ቀለበቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይላላሉ፤ ሲደመሩ ድንጋዩ መሀሉን ይስታል።

እዚህ ጋ የሚመረጠው ብዙ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድ።

አንዱ መንገድ ገንዘብ የማይጠይቀው ነው። ፍላንጁና ድንጋዩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ድንጋዩን ሩብ ዙር አዙራችሁ መልሳችሁ እሰሩና በምስማሩ ለኩ። እንደገና ሩብ ዙር። ወጣ ያለው ቦታ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው። ድንጋዩን ብታዞሩትም እዚያው ቦታ ከቀረ የፍላንጁ ወይም የዘንጉ ነው። አንዳንዴ ሁለቱ ጥፋቶች የሚጣፉበት አንድ አቀማመጥ ታገኛላችሁ። ያ ቦታ ከተገኘ ምልክቱን በደንብ አድርጉበትና ሁልጊዜ በዚያ እሰሩት።

ሌላው መንገድ በወረቀት መደገፍ ነው። ዝቅ ባለው በኩል በፍላንጁና በድንጋዩ መሀል ስስ ወረቀት ቆርጦ መክተት። ይሠራል። እኔም ለአንድ ሳምንት ተጠቅሜበታለሁ። ግን ዳዶውን በፈታችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ፤ ብዙ ከደራረባችሁት ደግሞ ፍላንጁ ድንጋዩን በአንድ ወገን ብቻ ይጨብጣል። ያ አደጋ ነው።

ፍላንጁን መስተዋት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ማሸትም አለ። ትንሽ ለተጣመመ ይሆናል። የላሜራው ፍላንጅ ግን ስስ ስለሆነ ዳዶው ሲጠብቅ እንደገና ይጎብጣል።

እኔ የሄድኩት ወደ ቶርኖ ነው። ሰውዬው አራት ፍላንጅ ከድፍን ብረት ቆረጡልኝ፤ ሁለት ቦኮላም ከአሉሚኒየም። ቦኮላው ዘንጉ ላይ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት የሚገባ፣ የማይጫወት። ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥም እንደዚያው፤ ተገዶ ከገባ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ለመለካት ካሊብሮ ይዛችሁ አትድከሙ፤ ዘንጉን ወይም ማሽኑን ራሱን ውሰዱላቸው።

ለቶርኖው ባለሙያ የምትነግሯቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስፋቱ ቢያንስ የድንጋዩ ሲሶ ይሁን፤ ለ200 ሚሊሜትር ድንጋይ ወደ 67 ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የግራና የቀኙ ፍላንጅ እኩል ይሁን። ሦስተኛ፣ መሀሉ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ድንጋዩን የሚነካው በዳሩ ቀለበት ብቻ ይሁን። በፍላንጁና በድንጋዩ መሀል ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ክብ ወረቀት አይነሳ። እሱ ማስታወቂያ አይደለም፤ ጭነቱን እኩል የሚያከፋፍል ትራስ ነው።

የከፈልኩት ከሁለት አዲስ ድንጋይ ዋጋ ያነሰ ነበር። ስመልሰው ምስማሩ ጋ ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ በዓይን አይለይም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አስነሳሁት። ሻዩ ላይ ስስ ቀለበቶች ታዩ እንጂ ብርጭቆው አልተነቃነቀም።

ድንጋይ መቀየር

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ አንዱ ድንጋይ ብቻ የሚረብሽ ከሆነ ቀይሩት። ከዚያ በፊት ግን ምቱት። በጣታችሁ ወይም በእንጨት አንጠልጥላችሁ በካቻቢቴ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እጀታ ከዳሩ ገባ ብላችሁ ጎኑን መታ መታ አድርጉት። ደህና ድንጋይ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው እንደ ድፍን ሸክላ ድም ይላል። ድም ያለውን ለማንም አትስጡ፤ ሰብራችሁ ጣሉት። አዲስ የገዛችሁትንም እዚያው ሱቁ በር ላይ ምቱት።

ያገለገለ ድንጋይ አንድ ተንኮል አለው። እርጥበት ይጠጣል። ግማሹ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የቆየ ድንጋይ በአንድ ወገን ይከብዳል። ስለዚህ ማሽኑ ዝናብ ከመታው በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ፍረዱ።

ስትገዙ የተጻፈበትን የዙር ልክ አንብቡ። ከማሽናችሁ ዙር ማነስ የለበትም። 200 ሚሊሜትር ድንጋይ በ2850 ዙር ዳሩ በሰከንድ ወደ 30 ሜትር ይበራል።

አዲስ ርካሽ ድንጋይ ሚዛኑ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሰው አሮጌውን ጥሎ አዲስ ገዝቶ የባሰ ሲመጣበት አይቻለሁ። ሲቢኤን የሚባሉት፣ በጣም ጠንካራ ቅንጣት የተለበጡ የብረት ወይም የአሉሚኒየም አካል ያላቸው ጎማዎች በሚዛን ረገድ ተወዳዳሪ የላቸውም፤ መላጨትም አያስፈልጋቸውም። ግን ውድ ናቸው፤ ለጠንካራ መቁረጫ ብረት እንጂ ለተራ ለስላሳ ብረት አይሆኑም፤ ይደፈናሉ። እንጨት ጠራቢ ከሆናችሁና ውጭ አገር ያለ ወንድም ካላችሁ አስቡበት። ለብየዳ ቤት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ኩሽኔታ፦ ባዶ እግሩን ሲሮጥም ከጮኸ

ዘንጉን ያለ ድንጋይ በእጅ ስታዞሩት አሸዋ ያለበት ያህል ከቆረቆራችሁ፣ ወይም ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቁት ከተጫወተ፣ ኩሽኔታው በቃው። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 6203 ከሆነ 17 በ40 በ12 ሚሊሜትር ነው፤ 6204 ደግሞ 20 በ47 በ14። ሁለት ዓይነት መዝጊያ ይመጣል። ዜድ ዜድ የተባለው የላሜራ ነው፤ ሁለት አር ኤስ የተባለው የጎማ። ግራይንደር የሚኖረው በራሱ አቧራ ውስጥ ነውና የጎማውን ውሰዱ።

ሲገጠም ዘንጉ ላይ የሚገባው በውስጠኛው ቀለበት ተገፍቶ ነው። በልኩ የሆነ ቱቦ ፈልጉ። የውጪውን ቀለበት በመዶሻ ከመታችሁ አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ገደላችሁት።

አንዲት ነገር ደግሞ አትጣሉ። አንዱ ክዳን ውስጥ፣ ከኩሽኔታው ኋላ፣ እንደ ማዕበል የተጣጠፈች ስስ ሮንዴላ ትኖራለች። እንደ ሞላ ሆና ኩሽኔታውን ትገፋለች። ሲፈታ ትወድቃለች፣ ከቆሻሻ ጋር ትጠረጋለች። እሷ ከሌለች ዘንጉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። እኔ የኔን ከጠረጴዛው ሥር በማግኔት ነው ያገኘኋት።

ኩሽኔታው አዲስ ሆኖም ባዶው ዘንግ ከተንቀጠቀጠ ዘንጉ ሳይታጠፍ አልቀረም፤ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ወድቆ ነው። ባዶ ሩጫው ደህና ሆኖ ፍላንጁ አዲስ ሆኖም የሚዋዥቅ ከሆነ የዘንጉን ጫፍ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዋዠቅን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) አስለኩ። ትንሽ መታጠፍ ይቃናል። ብዙ ከሆነ እዚህ ላይ እጄን አነሳለሁ፤ ለመለዋወጫ ይሸጥ።

ጎማ ማንጠፍ

ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር "ከሥሩ ጎማ አንጥፍ" ነው። ጎማው ንዝረቱን ከጆሯችሁ ይደብቃል፤ ከድንጋዩ ላይ አያነሳውም። ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ የቀረችውን ትንሽ ንዝረት ለመዋጥ ጥሩ ነው። ከጎማው በፊት ግን እግሮቹን እዩ። አንዱ እግር አየር ላይ ከሆነና ብሎኑን ብታጠብቁት አካሉን ትጠመዝዙታላችሁ። ሥሩ ስስ ላሜራ ክተቱ። ጠረጴዛው ራሱ ከስስ ላሜራ የተሠራ ከሆነ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ወፍራም ሳንቃ ጣሉበት።

ወይስ አዲስ ልግዛ?

ባዶውን ጸጥ ብሎ የሚሮጥ ከባድ አሮጌ ግራይንደር ካላችሁ፣ አትሽጡት። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት አዳዲሶቹ ቀላል ናቸው፤ ፍላንጃቸውም ያው ላሜራ ነው። አዲስ ገዝታችሁም ያው ቶርኖ ቤት ልትሄዱ ትችላላችሁ። ዘንጉ ለታጠፈ ወይም ጥቅሉ ለተቃጠለ ግን ያለ ጸጸት ተሰናበቱት።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ ማስደገፊያውን ወደ ድንጋዩ አስጠጉት፤ ክፍተቱ ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ። ከላይ ያለችው የብልጭታ መከላከያ ደግሞ ከ6። መከለያውን መልሱ። ዳዶውን ጠበቅ አድርጉት እንጂ አትታገሉት፤ ከልክ በላይ መጥበቅ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ከዚያ አስነሱትና ከድንጋዩ ፊት ሳይሆን ከጎን ቆማችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ።

ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ሲያስነሳላችሁ እጁን እንዲያነሳ ጠይቁት። እምቢ ካለ የፍላንጅና የቦኮላ ማሠሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።